የራሳችሁ ቪፒኤን ራውተሩ ላይ ‹ተገናኝቷል› እያለ ኢንተርኔት ሲጠፋ የት የት ይታያል?

ይሄ ጽሑፍ ስልካቸው ላይ የቪፒኤን አፕ ጭነው ለሚጠቀሙ ሰዎች አይደለም። ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይተው፣ ዋይርጋርድ ጭነውበት፣ የቤቱ ዋይ ፋይ በሙሉ በዚያ በኩል እንዲወጣ ራውተራቸውን ላስተካከሉ ወይም እያስተካከሉ ላሉ ነው።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበሩበት ጊዜ ያገኘነውን ነጻ ቪፒኤን ሁሉ ስናወርድ ነበር። ብዙዎቹን ማን እንደሚያስተዳድራቸው እንኳ አናውቅም። የራሱን ሰርቨር የሚያስነሳ ሰው ቢያንስ ከዚህ ጥርጣሬ ይገላገላል። ወጪው በወር ከ4 እስከ 6 ዶላር ነው (ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ሌላ ጣጣ ሆኖ)። ችግሩ ሲበላሽ ነው። የሚደወልለት የደንበኞች አገልግሎት የለም፣ ባለቤቱም ጠጋኙም እናንተ ናችሁ። ደግሞ ቤት ውስጥ በኦንላይን የሚሰራ ሰው ካለ ስብሰባው መሃል ላይ ነው ቀጥ የሚለው።

የምሰጣቸው ምሳሌዎች ኦፕንደብሊውአርቲ የተጫነበትን ራውተር የያዙ ናቸው፤ ጂኤል አይኔት ያላችሁም ውስጡ ያው እሱ ነው። ማይክሮቲክ የያዛችሁ ራውተርኦኤስ 7 መሆኑን እዩ፣ 6 ላይ ዋይርጋርድ የሚባል ነገር የለም። ትዕዛዞቹን የጻፍኩት በአነባበባቸው ነው፤ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

ከመፈተሻችሁ በፊት

የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዋይ ፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ ስልኩ ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ እናንተ ‹አሁን ሰራ› ትላላችሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ስልኩ ላይ ሌላ የቪፒኤን አፕ ካለም አጥፉት። አይፎን ላይ ፕራይቬት ሪሌይ ከበራ አይፒ አድራሻችሁን የሚያሳዩት ድረ ገጾች የእናንተን ሰርቨር ሳይሆን የሌላ ድርጅት አድራሻ ነው የሚያሳዩት፣ እሱንም አጥፉ።

ከዚያ ቪፒኤኑን ራውተሩ ላይ አጥፍታችሁ ተራው ኢንተርኔት መስራቱን አረጋግጡ። መስመሩ ራሱ ተቋርጦ ከሆነ ስለ ዋይርጋርድ ማሰብ ድካም ነው።

አሁን መንገዱን በጭንቅላታችሁ ያዙት። አንድ ፓኬት ከስልክ ይነሳል፣ ራውተር ይገባል፣ ራውተሩ ቆልፎ ወደ ቱነሉ ይሰደዋል፣ ሰርቨሩ ይከፍተውና በራሱ ስም ወደ ኢንተርኔት ይለቀዋል። መልሱም በዚያው ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው ‹ቪፒኤኔ ለምን አይሰራም› ሳይሆን ‹ፓኬቱ የት ቦታ ቀረ› የሚል ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ በቅደም ተከተል ፒንግ አድርጉ፦ መጀመሪያ የሰርቨሩን የቱነል ውስጥ አድራሻ (ብዙ ጊዜ 10.0.0.1 ወይም 10.8.0.1 ዓይነት ነው)፣ ቀጥሎ 1.1.1.1ን፣ ቀጥሎ 1.1.1.1ን ከስልክ፣ በመጨረሻ በስም የሆነ ድረ ገጽ። የመጀመሪያው እምቢ ያለው ቦታ ላይ ቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ባይሰራ አይገርምም።

ሃንድሼክ ከሌለ

ራውተሩ ላይ ‹ደብሊውጂ ሾው› ብላችሁ ስትጽፉ የመጨረሻው ሃንድሼክ መቼ እንደነበረ፣ ስንት ዳታ እንደሄደና እንደመጣ ያሳያችኋል። እየተጠቀማችሁ ሳለ ከ3 ደቂቃ በላይ ያለፈው ሃንድሼክ ካያችሁ ግንኙነቱ ሞቷል። ማንም ሳይጠቀምበት የቆየ ቱነል ግን አሮጌ ሃንድሼክ ቢያሳይ ጥፋት አይደለም፤ ዋይርጋርድ የሚልከው ነገር ከሌለው ዝም ነው የሚለው። ‹ተገናኝቷል› የሚለው አረንጓዴ ምልክትም እዚህ ላይ አያጽናናችሁ። ራውተሩ በይነገጹን ማስነሳቱን እንጂ ማዶ ያለው ሰርቨር መመለሱን ላያሳይ ይችላል።

‹የተላከ› እየጨመረ ‹የተቀበልነው› 0 ላይ ከቆመ ደብዳቤ እየላካችሁ መልስ የለም ማለት ነው። የዋይርጋርድ ጸባይ ደግሞ ያስቸግራል፦ ያላወቀውን ሰው ‹አላውቅህም› እንኳ አይለውም፣ ዝም ነው። ስለዚህ ቁልፍ ተሳስቶም፣ ፖርት ተዘግቶም፣ ሰዓት ተዛብቶም ከውጭ የሚታየው ምልክት አንድ ዓይነት ነው።

መለያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ገብታችሁ በ‹ቲሲፒደምፕ› የዩዲፒ ፖርቱን (የተለመደው 51820 ነው) ተመልከቱ። ከቤታችሁ የሚመጣ ነገር ጭራሽ ካልታየ መንገድ ላይ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው የሰርቨር አከራዩ የውጭ ፋየርዎል ነው። አማዞንና ኦራክል ላይ ፖርቱን በድረ ገጻቸው ገብታችሁ ካልከፈታችሁ ሰርቨሩ ውስጥ ያደረጋችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። የኦራክል ነጻ ሰርቨር የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለባችሁ፦ ድረ ገጹ ላይ ከከፈታችሁም በኋላ ኡቡንቱው ውስጥ ራሱ ቀድሞ የተጻፈ የአይፒቴብልስ ክልከላ አለ፤ ሁለቱም መከፈት አለባቸው።

ቲሲፒደምፕ ላይ ፓኬቱ እየታየ መልስ ከሌለ ደግሞ ወይ የሰርቨሩ የውስጥ ፋየርዎል ነው (ቲሲፒደምፕ የሚያየው ፋየርዎሉ ሳይጥለው በፊት ነው)፣ ወይ ቁልፍ ነው፣ ወይ ሰዓት ነው። ቁልፍ ላይ የሚደረገው ስህተት ሁሌም ያው ነው፦ የራውተሩ ይፋዊ ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ፣ የሰርቨሩ ይፋዊ ቁልፍ ራውተሩ ላይ መቀመጥ ሲገባው የራስን ቁልፍ ራስ ላይ መለጠፍ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብቻ የሚበላሸው

ይሄኛው ለብቻው መነሳት አለበት፣ ምክንያቱም እኛ አገር መብራት በጠፋ ቁጥር የሚመጣ በሽታ ነው፤ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ደግሞ ብዙም አያነሱትም።

ትናንት ማታ ይሰራ ነበር። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ቪፒኤኑ ግን አልተመለሰም። ምንም ነገር አልነካችሁም። ራውተሩን ስታጠፉና ስታበሩ ጭራሽ አይሻለውም። አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ራሱ ይነሳል፣ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ እምቢ ይላል።

ምክንያቱ ሰዓት ነው። ዋይርጋርድ ሃንድሼክ ሲልክ የጊዜ ማህተም ያደርግበታል። ሰርቨሩ ከእናንተ ራውተር የተቀበለውን የመጨረሻ ማህተም ያስታውሳል፤ ከዚያ የቆየ ማህተም ያለው ሲመጣ ‹ይሄ ድሮ ተቀድቶ የተላከ የአታላይ ፓኬት ነው› ብሎ ይጥለዋል። ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ግን አብዛኛው የቤት ራውተር ሰዓት የሚያስቀጥል ባትሪ የለውም። ኦፕንደብሊውአርቲ ሲነሳ ሰዓቱን የሚገምተው ሴቲንግ ውስጥ መጨረሻ ከተቀየረው ፋይል ቀን ተነስቶ ነው። ሴቲንግ መጨረሻ የነካችሁት ከሦስት ወር በፊት ከሆነ ራውተሩ የሚነቃው ከሦስት ወር በፊት ነው።

በተለመደው ሁኔታ ወዲያው ከኢንተርኔት ሰዓቱን ጠይቆ ያስተካክላል። እናንተ ግን ሁሉም ነገር በቱነሉ በኩል እንዲወጣ አዛችኋል። ሰዓት ለመጠየቅ ቱነሉ መነሳት አለበት፣ ቱነሉ እንዲነሳ ሰዓቱ መስተካከል አለበት። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ። የሰዓት ሰርቨሩም ሆነ የእናንተ ሰርቨር በቁጥር ሳይሆን በስም ከተጻፈ ጭንቁ እጥፍ ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስም ቱነሉ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ለማረጋገጥ ራውተሩ ላይ ‹ዴት› ብላችሁ ጻፉና ቀኑን እዩ። ሌላም መለያ አለ፦ ሰርቨሩ ላይ ዋይርጋርዱን አጥፍታችሁ ስታስነሱት የቤታችሁ ቪፒኤን በሰከንዶች ውስጥ ከተመለሰ ሰዓት ነበር ማለት ነው፤ ሰርቨሩ የያዘውን የድሮ ማህተም ስለረሳ ነው የተቀበላችሁ።

ለዘለቄታው ሁለት ነገር አድርጉ። ራውተሩ ላይ የሰርቨራችሁን አድራሻ በቁጥር ጻፉ። ሰዓት ጠያቂው ኤንቲፒ ደግሞ ከቱነሉ ውጭ መውጫ ይኑረው። ለምሳሌ የክላውድፍሌርን የሰዓት አድራሻ 162.159.200.1 በኤንቲፒ ዝርዝሩ ውስጥ በቁጥር ጨምሩና ለዚያች አንድ አድራሻ ብቻ በተራው መስመር የምትወጣ ቋሚ መንገድ ጻፉላት። ከዚያ ራውተሩን ነቅላችሁ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ሰክታችሁ ፈትኑት። መብራት ኃይልን አትጠብቁ።

ሃንድሼክ አለ፣ ግን መውጣት የለም

የቱነሉ ውስጥ አድራሻ ፒንግ ይመልሳል፣ 1.1.1.1 ግን አይመልስም። ፓኬቱ ሰርቨሩ ደጅ ደርሶ ወደ ውጭ አልወጣም ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ አይፒ ፎርዋርዲንግ 1 መሆን አለበት፤ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ወደ 0 ከተመለሰ በቋሚ ፋይሉ ውስጥ አልጻፋችሁትም። ሁለተኛ ማስኩሬድ፣ ማለትም ሰርቨሩ ፓኬቱን በራሱ አድራሻ የሚለቅበት ደንብ። እዚህ ጋ ከመመሪያ ገልብጦ መለጠፍ ነው ሰውን የሚበላው። መመሪያው የኔትወርክ ካርዱን ስም ‹ኢቲኤች 0› ይላል፣ የእናንተ ሰርቨር ላይ ግን ‹ኢኤንኤስ 3› ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ያለ ምንም ቅሬታ ይቀመጣል፣ ግን የሚያልፍበት ፓኬት የለም። ‹አይፒ ራውት› ብላችሁ ዲፎልት ከሚለው መስመር ላይ ትክክለኛውን ስም አንብቡ።

እዚያው ሰርቨር ላይ ዶከር ጭናችሁ ከሆነ እሱንም ጠርጥሩት። ዶከር ሲነሳ የአሳላፊውን ደንብ ወደ ‹ጣል› ይቀይረዋል፤ ትናንት ያልፍ የነበረው የቪፒኤን ትራፊክ ዛሬ ይቆማል። ለዋይርጋርዱ በይነገጽ የሚፈቅድ መስመር በግልጽ መጻፍ አለባችሁ።

ከራውተሩ ወጥቶ ከስልኩ እምቢ ካለ ደግሞ ጥፋቱ ቤት ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ ፋየርዎል ውስጥ ለቪፒኤኑ ዞን መኖሩን፣ ከላን ወደዚያ ዞን መተላለፍ መፈቀዱን፣ ዞኑ ላይ ማስኩሬዲንግ መበራቱን እዩ። ማስኩሬዲንግ እዚያ የማትፈልጉ ሰዎች ሰርቨሩ ላይ የተፈቀዱ አድራሻዎች በሚለው ቦታ የቤታችሁን ክልል (ለምሳሌ 192.168.50.0/24) መጨመር ይኖርባችኋል፣ ካልሆነ ሰርቨሩ የስልካችሁን ፓኬት እንደማያውቀው ሰው ይጥለዋል።

የአድራሻ ክልል ካነሳን፦ ኢንተርኔት አቅራቢው የሰጣችሁ ራውተር 192.168.1.1 ሆኖ ከኋላው ያሰራችሁት የራሳችሁ ራውተርም 192.168.1.1 ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ። የራሳችሁን ቀይሩት።

ማይክሮቲክ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሁሉንም ትራፊክ ወደ ቱነሉ ስትልኩ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የቱነሉ ፓኬት ራሱ ቱነሉ ውስጥ ሊገባና ራሱን ሊበላ ይችላል። ኦፕንደብሊውአርቲ ለሰርቨሩ አድራሻ በተራው መስመር የሚወጣ መንገድ ራሱ ይጽፍላችኋል፣ ማይክሮቲክ ላይ ግን በእጃችሁ ትጽፉታላችሁ።

ግማሹ ይከፍታል፣ ግማሹ ይሽከረከራል

የቴሌግራም ጽሑፍ ይገባል፣ ፎቶ አይወርድም። አንዳንዱ ድረ ገጽ ይከፍታል፣ የባንኩ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰው ‹ኔትወርኩ ደካማ ነው› ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የፓኬት መጠን ነው። ዋይርጋርድ እያንዳንዱን ፓኬት ሲያሽግ በአይፒቪ4 ላይ 60፣ በአይፒቪ6 ላይ 80 ባይት ይጨምርበታል። መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ መጠን 1500 ከሆነ ለቱነሉ የሚቀረው 1420 ነው፣ ዲፎልቱም እሱ ነው። መስመራችሁ ፒፒፒኦኢ ከሆነ ግን (ራውተሩ ላይ ዩዘርኔምና ፓስወርድ የምታስገቡበት ዓይነት) 8 ባይት ቀድሞ ተበልቷል፣ ስለዚህ 1412 አድርጉት። በሞባይል ኔትወርክ የሚሰራ የቤት ራውተር ላይ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ዝም ብላችሁ 1280 አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ችግሩ ከጠፋ ምንጩን አገኛችሁ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። የፋየርዎል ዞኑ ላይ ኤምኤስኤስ ክላምፒንግ የምትለዋን ሳጥንም ምልክት አድርጉባት። እኔ ብትጠይቁኝ ‹አንዳንድ ድረ ገጽ ብቻ› የሚል ቅሬታ ስሰማ ሌላ ነገር ሳልጠይቅ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው።

1.1.1.1 ፒንግ እየመለሰ በስም ምንም ካልከፈተ ዲኤንኤስ ነው። ራውተሩ ዲኤንኤሱን የሚጠይቀው ከማን እንደሆነ እዩ፤ የኢንተርኔት አቅራቢው ዲኤንኤስ ከራሱ ኔትወርክ ውጭ ለሚመጣ ጥያቄ ላይመልስ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ አሁን የምትመጡት ከውጭ አገር ነው። አንድሮይድ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለው ላይ የሆነ ስም ጽፋችሁ ከረሳችሁትም ስልኩ ራውተሩን አይሰማም።

ሳታውቁት ሲፈስ

ከላይ ያሉት ሁሉ ቢያናድዱም ቢያንስ ይታያሉ። የማይታየው ይብሳል፦ ቱነሉ ሞቶ ራውተሩ በተራው መስመር ሲቀጥል። ሁሉም ይከፍታል፣ ማንም ልብ አይልም። ለፊልም ከሆነ ግድ የለም። ምንጩን ከሚደብቅለት ሰው ጋር የሚጻጻፍ ጋዜጠኛ ቤት ከሆነ ግን የአንድ ሌሊት መፍሰስ ይበቃል።

ፈተናው አጭር ነው። ቱነሉን በእጃችሁ አጥፉና በዋይ ፋይ ብቻ ስልካችሁ ላይ አንድ ገጽ ክፈቱ። ከከፈተ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቱነሉ እስኪነሳ ድረስ በገሃድ ስትወጡ ነበር ማለት ነው። መዝጊያው ፋየርዎል ውስጥ ከላን ወደ ዋን የሚፈቅደውን መስመር ማንሳትና ከላን ወደ ቪፒኤን ያለውን ብቻ መተው ነው። የራውተሩ የራሱ የሰዓት ጥያቄ በዚህ አይነካም፣ ምክንያቱም ከላን የሚመጣ አይደለም።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ አይፒቪ6ን አትርሱ። ቱነሉ አይፒቪ4 ብቻ ከሆነና መስመራችሁ ሁለቱንም የሚሰጥ ከሆነ ግማሹ ትራፊክ በጎን ይወጣል። ወይ በቱነሉ ውስጥ አሳልፉት፣ ወይ ላን ላይ አጥፉት።

ደግሞ ይታወቅ፦ ሰርቨሩ በስማችሁና በካርዳችሁ የተከራየ ነው፣ ከዚያ አድራሻ የሚወጣውም እናንተ ብቻ ናችሁ። መስመሩን ከሰፈር ሰላይ ይሸፍናል እንጂ ስም የለሽ አያደርጋችሁም።

የቀሩት

አንድ ደቂቃ ሰርቶ አንድ ደቂቃ የሚቆም ከሆነ ያንኑ የሴቲንግ ፋይል ሌላ ሰው ስልክ ላይ ጭናችሁ ይሆናል። አንድ ቁልፍ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚሰራው፤ ሁለት መሳሪያ ሲይዘው እየተገፋፉ ይኖራሉ። ለእህታችሁም ለጓደኛችሁም የየራሳቸውን ቁልፍ አውጡላቸው። ፋይሉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብ።

ሰርቨሩን ውጭ አገር መከራየት ትታችሁ እዚሁ ቤት ልታስቀምጡት ካሰባችሁ የራውተሩን የዋን አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ አቅራቢው ከሌሎች ደንበኞች ጋር አንድ አድራሻ እያጋራችሁ ነው፣ ከውጭ ወደ እናንተ የሚገባ በር የለም። ከቤት ወደ ውጭ ለሚወጣ ቪፒኤን ግን ይሄ አያግድም፤ ኪፕአላይቭ የሚለውን 25 ማድረግ ይበቃል።

ሲዘገይ ሁሌ ሰርቨሩን አትውቀሱ። ርካሽ ራውተር ፓኬቱን ለመቆለፍ የሚበቃ አቅም የለውም። ዋይርጋርዱን ላፕቶፕ ላይ ለብቻ ጭናችሁ ከሰርቨሩ ጋር ሞክሩ፤ እዚያ ፈጥኖ በራውተር ከዘገየ ፕሮሰሰሩ ነው።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ሃንድሼኩ እምቢ ካለና ያው ፋይል በሌላ ሰው መስመር ላይ ከሰራ መስመሩ ላይ እየተለየ እየታገደ ሊሆን ይችላል። ዋይርጋርድ ራሱን ለመደበቅ አልተሰራም፤ የመጀመሪያው ፓኬቱ ሁሌ 148 ባይት ስለሆነ የሚፈልገው ሰው በቀላሉ ይለየዋል። ፖርት መቀየር አንዳንዴ ይረዳል፣ ካልረዳ እንደ አውትላይን ያለ ሌላ ዓይነት መሞከር ነው።

ዱባይና አቡዳቢ ላላችሁ፣ ቤተሰብ ጋ በዋትስአፕ ለመደወል ብላችሁ ይሄንን የምታስቡ ከሆነ፦ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በ2021 ያወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34፣ ወንጀል ለመፈጸም ወይም እንዳይታወቅ ለማድረግ የአይፒ አድራሻን መሸፈን በእስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ ቅጣት እንደሚያስጠይቅ ይደነግጋል። አሠሪያችሁ ቤት ያለ ራውተር ላይ ይሄንን መሞከር ደግሞ ጣጣው ከናንተ አልፎ ለሌላም ይተርፋል።